የእናቴን ድምፅ ላመጣ አቃቂ ወርጄ

ደሴ ተወልዶ ደሴ ያረጀ ሰው አዲስ አበባ ሲሉት ትዝ የሚለው መርካቶና ፒያሳ ነው፤ አቃቂ የሚባል ሰፈር መኖሩንም ይረሳዋል። «እስቲ አቃቂን ልይ» ብሎ ከቤቱ የሚነሳ ሰው አላውቅም። ሥራ፣ ለቅሶ ወይ ዘመድ ካልጠራው ማን ይወርዳል? እናንተም ምናልባት አትሄዱበትም። እኔ ግን ደርሼ መጥቻለሁና ባየሁት ልክ ልንገራችሁ። የሄድኩበትን ጉዳይም አልደብቅም፤ የሄድኩት የእናቴን ድምፅ ላመጣ ነው።

እናቴ ጥሩነሽ ዘፋኝ ነበረች። በዕድሜዋ ያስቀዳችው አንድ ካሴት ብቻ ነው፤ ያቺ አንድ ካሴት ግን እኛ አገር ያልገባችበት ቤት አልነበረም። እንጉርጉሮ ነው። ድምፁ ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ የኮረዳ ድምፅ ነው። እኛ ቤት የቀረውን ካሴት ቴፑ እየበላው፣ እኛም በእስክርቢቶ እየጠቀለልንና በፕላስተር እየቀጠልን ጨረስነው፤ በየስልኩ የሚዞረውም ቅጂ ይንኮሻኮሻል። ዘንድሮ ሰባተኛ ሙት ዓመቷ ደረሰ። ታላቅ ወንድሜ ጌታሁን ድግስ ሲደግስ አንድ ነገር እንዲጎድል የማይወድ ሰው ነው፤ «ቄሶቹ ጸልየው ከሄዱ በኋላ ዘመድ ተሰብስቦ ጥርት ያለ ድምፅዋን ይስማ» አለ። እግዜር ሲያመጣው በዚያው ሰሞን የጌታሁን ልጅ ስልክ ላይ አንዲት ወጣት የእናቴን ፎቶ ይዛ ብቅ አለች። አባቷ ድሮ ካሴት ይቀዱ ነበር፤ የጥሩነሽ የመጀመሪያው ቅጂ፣ እነሱ ማስተር የሚሉት ትልቁ የቴፕ ጥቅል፣ አቃቂ ቤታቸው ተቀምጧል፤ ቤተሰብ ካላት ይምጣና ይውሰድ ትላለች።

«አንቺ ሂጂ» አለኝ ጌታሁን። «ጡረታ ወጥተሻል፤ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ ምን ይይዝሻል?» ወንድሜ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይወጋሻል፣ ከዚያ ስንቅ አስቋጥሮ መናኸሪያ ድረስ ይሸኝሻል።

አንድ ነገር ግን ከመነሳታችን በፊት እወቁልኝ። እኔም መዝፈን እፈልግ ነበር። ድምፄ ግን ወፍራም ነው። ልጅ ሆኜ አፌን ስከፍት ሰዉ «የጥሩነሽ ልጅ ናት? ወይ ጉድ!» ይል ነበር። አንድ ቀን እናቴ ራሷ «ተዪው አስካለ፣ ያንቺ ድምፅ አይሆንም» አለችኝ። ተውኩት። ታይፕ ተምሬ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ዕድሜዬን ጨረስኩ። ያ ቃሏ ግን እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ማክሰኞ

ስንነሳ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነበር። የሐምሌ ጦሳ እንደተቀየመ አማች ፊቱን አያሳይም። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅኩ፤ ከሚሴ ላይ ነጠላዬንም ጠላሁት። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ገና ከመነሻው ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፤ ለፍተሻ ውረዱ በተባልን ቁጥር «ደረስን እንዴ?» እያለ ይነቃል። ወርደን እንሰለፋለን፣ መታወቂያ እናሳያለን፣ ተመልሰን እንሳፈራለን፣ እሱም ተመልሶ ትከሻዬ ላይ። መጨረሻ ላይ «ወንድሜ፣ ትከሻዬን ተከራይተኸዋል እንዴ?» ስለው አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ የሳቀ ሰው አላየሁም፤ ጊዜውም የሳቅ አይደለም፤ ሰው ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ሸዋ ሮቢት ምሳ በላን፤ ጥብሱ ከመንገዱ ይብስ ነበር። የደብረ ሲናን አቀበት ስንጀምር ጎማችን ፈነዳ። ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ረዳቱ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ይታገላል። አንዲት ቆሎ ሻጭ የተከናነበችውን ላስቲክ ከፍ አድርጋ «ነይ ግቢ እቴ» ብላ ለሁለት ተከናነብነው። ቆሎ ልገዛ ብል «ቆይ፣ መጀመሪያ ብርዱ ይልቀቅሽ» አለችኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «የጥሩነሽ ልጅ! በሞትኩት!» ብላ እዚያው ዝናቡ ውስጥ የእናቴን እንጉርጉሮ ጀመረች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳል ያዛት። «ጉሮሮ ይሰነጥቃል እኮ፤ እሷ እንዴት ትችለው ነበር?» አለች። ከዚያ አየት አድርጋኝ «አንቺ ግን በድምፅ እሷን አልወጣሽም» አለችኝ። የማውቀው ነገር ስለሆነ አልተቀየምኳትም።

አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ ስንገባ መሽቷል። አንድ አልቤርጎ ይዤ በረኪና በረኪና የሚሸት አንሶላ ላይ አደርኩ።

ረቡዕ

ከላምበረት መገናኛ፣ ከመገናኛ ሳሪስ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ። በአንድ ቀን ይህን ያህል ታክሲ የተሳፈርኩበት ጊዜ የለም። ሳሪስን ካለፍን በኋላ አገሩ ሜዳ ሆነ። ደሴ ቀና ያለ ሰው ተራራ ያያል፤ እዚህ ቀና ብትሉ የምታዩት የመብራት ገመድና የከባድ መኪና ጀርባ ነው። ደሴ ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ቁልቁል ይሄዳል፣ ይገላግላል፤ እዚህ የወረደው ሁሉ ከሰው ጋር ይቀመጣል። ጭቃው ጥቁር ነው፣ ጫማ ያወልቃል። የኔንም አንዱን አውልቆት አንድ ባጃጅ ነጂ በብረት ጎትቶ አወጣልኝ።

ወጣቷ፣ ሰላም ትባላለች፣ በስልክ የነገረችኝ ኮዬ ፈጬ እንድመጣ ነው፤ አባቷ አቃቂ ናቸው፣ እሷ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ እዚያው ትሠራለች። ኮዬ ፈጬን እንዴት ልንገራችሁ? ሰማይ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ዓይነት ፎቅ ነው። የብሎኩን ቁጥር በትክክል ይዤ፣ ሳይት የሚሉትን የፎቆቹን ምድብ ተሳሳትኩ። ደረጃውን እያለከለክሁ ወጥቼ ሳንኳኳ አንዲት ሴት ከፈተችና «ውይ፣ በዚህ ዝናብ! ግቢ ግቢ» ብላ ጎትታ አስገባችኝ። ፎጣ ሰጠችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ሽሮ አቀረበች፣ ጎረሥኩ። በልቼ ስጨርስ «ለመሆኑ ጋሼ ተሻላቸው?» አለችኝ።

«የትኛው ጋሼ?»

«ያንቺ ወንድም ነዋ! የባሌ አክስት አይደለሽም እንዴ?»

አለመሆኔን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሽሮውን የተሳሳተ ሰው በላው ብላ አልተቆጨችም፤ ጃንጥላ ይዛ እስከ ሰላም ብሎክ ድረስ አደረሰችኝ። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ተለያየን፤ ይኸው እስካሁን ይቆጨኛል።

የሰላም ስቱዲዮ መኝታ ቤቷ ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስና የእንቁላል ካርቶን ተለጥፏል፤ ማይክራፎኑ ፊት በሽቦ ቀለበት ላይ የሴት ስቶኪንግ ተወጥሯል፤ አልጋው የዘፋኞች ወረፋ መጠበቂያ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ የአንድ ልጅ ዘፈን ተከፍቶ፣ የድምፁን ቁራጭ በጣቷ እየያዘች ወደ ላይና ወደ ታች ትገፋለች።

«አንቺ ልጅ፣ ድምፅ በዓይን ነው እንዴ የሚሰማው?» አልኳት።

ሳቀች። «አባቴም እንዲህ ነው የሚለኝ፣ እትዬ አስካለ። ይኸውልዎት፣ ልጁ ዜማውን ስቷል፤ ማሽኑ መስመሩ ላይ ይመልሰዋል። ችግሩ ማሽኑ የሚያውቀው የፒያኖን መስመር ነው። ቅኝቱ አንቺሆዬ ሲሆን ዘፋኙ ሁለት መስመር መሀል ነው የሚቆመው። ማሽኑ ሳተ ብሎ ይጎትተዋል፤ ሲጎትተው ይሞታል።»

«ታዲያ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«በእጄ እመልሰዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎት? አንቺሆዬ የት እንደሚቆም ያስተማረኝ ሰው የለም። ማሽኑ ሲያበላሸው እየሰማሁ ነው ያወቅኩት።»

ይህንን ስትል ወደድኳት። አልጋዋን ለቃልኝ እሷ ፍራሽ ዘርግታ መሬት ተኛች፤ ብለምናትም እምቢ አለች።

ሐሙስ

በባጃጅ አቃቂ ገባን። አቃቂ የድሮ ሰፈር ነው፤ ባቡር የሚቆምበት፣ ፋብሪካ የሚጮህበት ሳለ ብዙ ሰው አግብቶ ወልዶበታል። ከደሴ ጋር የሚመሳሰለው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ሰዉ ግን ሰላምታ አይቸኩልበትም። ወንዙ ይሸታል። የኛ ቦርከና ከተማ ውስጥ ምን እንደሚሸከም ስለማውቅ አፍንጫዬን አልያዝኩም።

ጋሽ ወርቅነህ፣ የሰላም አባት፣ አልጋ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ጠበቁኝ። ልባቸው ደክሟል፤ አንዱ ጆሯቸው አይሰማም፣ ሌላው በራሱ ፈቃድ ነው የሚሰማው። ያመጣሁላቸውን ማር ተቀብለው ፊቴን ሲያዩ ቆዩ። «እናትሽን ትመስያለሽ» አሉኝ። ድምፄን ገና አልሰሙትም ነበርና በልቤ ይቆዩ እንጂ አልኩ።

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ጎረቤታቸው እንግዳ መኖሩን ሰምታ ፓስታ ሠርታ ላከች። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ እሰይ አለ። ሰላም ድስት ድስት የሚያካክሉ ሁለት መንኮራኩሮች ያሉትን ማሽን አስነስታ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ጋሽ ወርቅነህ ጥቅሉን ከሣጥኑ አወጡ።

«ይሄ ቴፕ አርጅቷል፤ ላዩ ይራገፋል» አሉ። «አንዴ ይዞር ይሆናል። ሁለተኛውን አላውቅም። ስለዚህ ማንም እንዳያቆመው።»

ዞረ። መጀመሪያ የወንድ ድምፅ መጣ፤ «ጥሩነሽ፣ ዝግጁ ነሽ? በይ ጀምሪ» ይላል። ከዚያ ማሲንቆ። ከዚያ አንዲት ሴት መዝፈን ጀመረች፤ ቀስ ብላ፣ በወፍራም፣ ከደረቷ በሚወጣ ድምፅ።

«ኧረ አቁሙት!» ብዬ ብድግ አልኩ። «ኃይል አንሶታል፤ ይጎተታል!» በቴፕ ያደግን ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ ሁሉ ወፍራም ይሆናል፤ ባትሪውን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ጋሽ ወርቅነህ ግን እጄን ጥርቅም አድርገው ያዙኝ። «ዝም ብለሽ ስሚ!» እኔ ግን አልሰማሁም። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ፍተሻ፣ ለተበላሸ ነገር ነው እያልኩ በንዴት እብሰለሰል ነበር። ዘፈኖቹ ተራ በተራ አለቁ። ማሽኑ ሲቆም ብረቱ ላይ ቡናማ ዱቄት ተከምሯል፤ ጥቅሉ ላይ የቀረው ባዶ ላስቲክ ነው። ማስተሩ እኛው ፊት አለቀ።

«እሺ፣ ማስተሩስ ይለቅ፤ ኮምፒውተሩ ቀድቶታል» አልኳቸው። «አሁን አስተካክሉልኝ። እናቴ እንዲህ አትዘፍንም።»

ሰላም ኮምፒውተሯ ላይ ከስልኳ የተገኘውን የካሴቱን ዘፈን ከፍታ፣ አዲሱን ቅጂ ከሱ ጋር እስኪገጥም አፈጠነችው። ቀጭኗ፣ የማውቃት እናቴ ተመለሰች። «ይኸው! ይኸው!» አልኩ። ሰላም ግን ወደ መጀመሪያው መለሰችው። «ጥሩነሽ፣ ዝግጁ ነሽ?» የሚለው ወንድ አሁን ድምፁ ያልጎረመሰ ልጅ ሆኗል። ሰላም አባቷን እያየች ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ፍጥነቱን ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ልጁ ጎረመሰ፣ አደገ፣ አጠገቤ አልጋ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ሆነ። የሳቸው ድምፅ ነው። አርጅቷል እንጂ ያው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው የዋልኩት ነው።

የሳቸው ድምፅ ልክ የሆነበት ቦታ ላይ የእናቴም ልክ ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም። ሰላም ዘፈኑን እንዳለ ለቀቀችው። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ድምፁን አወቅኩት፤ ሰው በሌለበት፣ ልብስ ሳጥብ፣ ሽንኩርት ስከትፍ የማሰማው ድምፅ ነው። የኔ ድምፅ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ለምን?» ብቻ አልኳቸው።

«ካሴቱን የሚሸጠው ነጋዴ ነው» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «'ስልሳ ደቂቃው ካሴት አልበቃም፣ ዘፈን ቁረጥ' አለኝ። መቁረጥ ጨነቀኝ፤ ሲባዛ ፍጥነቱን ከፍ አደረግኩት። ሲሰማው ደግሞ ወደደው። 'ኮረዳ ሆነች፣ እንዲህ ይሻላል' አለ። እኛም እንደ ብልሃት ቆጠርነው።»

ዓርብ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲወቅጥ አደረ። ቁርስ ቀረበ። በኋላ ጋሽ ወርቅነህ ሰላምን ዳቦ ግዢ ብለው ላኳትና ወደኔ ዞሩ።

«ተመልሳ መጥታ ነበር» አሉ።

«ማን?»

«እናትሽ። ካሴቱ ከወጣ ዓመት ሳይሞላ። እዚህ ደጃፍ ቆማ 'አንተ ሰውዬ፣ ድምፄን መልስልኝ' አለችኝ። ሰርግ ላይ በራሷ ድምፅ ስትጀምር ሰዉ 'ይቺ አይደለችም፣ ጥሩነሽን አምጡ' ይላታል። እንደ ካሴቱ ከፍ ስትል ደግሞ ጉሮሮዋ ይደማል። እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፣ ካሴቱም ገበያ ላይ ነው። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? 'ካሴቱ አንቺን አይከተልም፤ አንቺ ተከተይው' አልኳት።»

ተከተለችው። ይህን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ዝንጅብሉን የምቀጠቅጠው፣ ተልባውን የምበጠብጠው እኔ ነበርኩ። ከሰርግ ስትመለስ አንገቷን በሻሽ ጠምጥማ ትተኛለች፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ የንግግር ድምፅዋ እንኳ ሻክሮ ነበር፤ በኋላ በኋላ ድምፅዋ ጨርሶ ጠፍቶ እኛን የምትጠራን በጭብጨባ ነበር። ሰው «ቡዳ በላት» ይል ነበር። የበላትስ የራሷ ካሴት ኖሯል።

«እሷ ብቻ አይደለችም» አሉ ጋሽ ወርቅነህ። «ከናንተ አገር የሚመጡ ማሲንቆ መቺዎች ጭራውን እስኪበጠስ ይወጥሩታል። 'ለምን እንዲህ ታከርሩታላችሁ?' ስላቸው 'በጥሩነሽ ልክ ነው' ይሉኛል። መጀመሪያ እስቅ ነበር። እያደር ግን ሳቁ ጠፋኝ። ሴቶቹም እንደዚያው፤ በዚያ ከፍታ ካልዘፈኑ አልቻሉም ይባላሉ። የኔ ስህተት እነሱ ዘንድ ትምህርት ሆኖ ጠበቀኝ። ማንን 'ተሳስታችኋል' ልበል? አሁንማ እውነቱ እሱ ሆኗል።»

እኔ የማስበው ሌላ ነበር። «ያንቺ ድምፅ አይሆንም» ያለችኝ ቀን እናቴ ምን ሰምታ ነው? የራሷን ድምፅ እኔ አፍ ውስጥ ሰምታ ነዋ! ሰው እንደማይፈልገው ስላወቀች አዝናልኝ ነው? ወይስ ልትሰማው አልቻለችም? የምጠይቃት እሷ የለችም። ተናደድኩ፤ በሳቸውም፣ በነጋዴውም፣ በእናቴም ተናደድኩ። አንድ ጊዜ እንኳ «የኔ ነበር እኮ፣ ልጄ» ብትለኝ ምን ነበረበት?

«ይቅር በይኝ» አሉኝ ሽማግሌው።

«ይቅር የምትልዎት እሷ ነበረች» አልኳቸው። ጨክኜ ነው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰላም ዳቦውን ይዛ ስትመለስ የሁለታችንን ፊት አይታ ሻይ ጣደች። በኋላ ላይ «እትዬ አስካለ፣ የቱን ልስጥዎት?» አለችኝ። «ከፈለጉ እንደ ካሴቱ ከፍ አድርጌ፣ ጥርት አድርጌ አወጣዋለሁ። ሰው የሚያውቀው እሱን ነው።» በዚያው ቅጽበት ጌታሁን ደወለ።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ግን እኛ ከምናውቀው ይለያል፤ ወፈር፣ ዘግየት ይላል። እውነተኛው ግን ይሄ ነው።»

«ምን ይለያል ትይኛለሽ? የምናውቀውን አምጪ፣ አስካለ! ሰው ጠርቻለሁ።» ዘጋው።

ስልኩን አስቀመጥኩ። ከፍ ያለውን ብወስድ ሁሉም ይደሰታል፣ እኔም ተመስግኜ እቀመጣለሁ። ግን እናቴ በሕይወቷ ሙሉ ያንን ስታሳድድ ሞተች። አሁን ከሞተች በኋላም እንደገና ትሩጥ? «በልኳ ስጪኝ» አልኳት ሰላምን። ጋሽ ወርቅነህ በደህናው ጆሯቸው ሰምተው ኖሮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቅዳሜ

ሰላም ዘፈኑን የቀዳችባትን ፍላሽ በመሀረብ ቋጥሬ ጡቴ ሥር አደረግኳት። ሰላም እስከ ላምበረት ሸኘችኝ፤ መንገዱን ሁሉ ሻንጣዬን አላስነካችኝም። ጋሽ ወርቅነህ ከአልጋቸው መነሳት አቅቷቸው እጄን ብቻ ነው የሳሙት። መልሼ ሳምኳቸው። ይቅርታ ማለቴ መሆን አለመሆኑን እኔም አላውቀውም።

መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ወበቅ፣ ፍተሻውም እንዳለ ነው። አጠገቤ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች፤ ልጁ እያለቀሰ ሲያስቸግራት በለሆሳስ አንጎራጎርኩለት፣ በራሴ ድምፅ። ተኛ። «ተባረኪ፣ ምን ዓይነት ደስ የሚል ድምፅ ነው ያለሽ» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ልጃገረድ አፈርኩ። ሐረጎን ስንወጣ ነገ ሰዉ ሲሰማት ምን እንደሚል አስብ ነበር፤ እናቴን ብቻ ሳይሆን እኔንም የሚያውቁኝ መሰለኝ።

እሑድ

ድንኳኑ ሞልቷል። ቄሶቹ ጸለዩ፣ ቀመሱ፣ መርቀው ሄዱ። ጌታሁን ተነስቶ ጉሮሮውን ጠረገና «እህቴ ከአቃቂ የእናታችንን ድምፅ ይዛልን መጥታለች» አለ። ፍላሿን ስፒከሩ ላይ ሰካት።

«ጥሩነሽ፣ ዝግጁ ነሽ? በይ ጀምሪ።» ማሲንቆው መጣ። ከዚያ እናቴ መጣች፣ በልኳ።

ሰዉ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። «ይጎተታል» አለ አንዱ። «መብራቱ ነው፣ ኃይል የለውም» አለ ሌላው። ጌታሁን ስፒከሩን በእጁ መታ መታ አደረገው። ተነሳሁና ተናገርኩ፤ ስለ ካሴቱ፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ሽማግሌው፣ የእናታችን ጉሮሮ በምን እንደተበላሸ። መጀመሪያ ላይ የሚናገረውን ወንድ ስሙት፣ የሳቸው ድምፅ ነው፣ በዚህ ነው የሚታወቀው አልኳቸው። ግን እሳቸውን ማን ያውቃቸዋል? አቃቂ ሆኖ ፀሐይ የሞቀው ማስረጃ ደሴ ሲደርስ የማንም ያልሆነ የአንድ ሰውዬ ድምፅ ሆነ።

ጌታሁን አተኩሮ አየኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አንድ ቤት ያደግን ነን፤ ጓዳ ውስጥ ሳንጎራጉር ሰምቶኛል። ጠጋ አለና ሰው ፊት ላለማዋረድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም ሰማው፣ «አስካለ፣ ይሄ ያንቺ ድምፅ ነው። አቃቂ ሄደሽ ራስሽን አስቀድተሽ መጣሽ?» አለኝ።

«ውይ! እውነትም እሷ ናት!» አለች አንዷ አክስቴ።

«ቁርጥ እሷ!»

«አይ አስካለ፣ በእናትሽ ሙት ዓመት?»

ዕድሜዬን ሙሉ «የጥሩነሽ ልጅ አትመስልም» ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች፣ አንድም ሳይቀር፣ ሳያውቁት የእናቴና የኔ ድምፅ አንድ መሆኑን መሰከሩልኝ። ይህን ቀን ስንት ዓመት ጠብቄዋለሁ! ሲመጣ ግን ውሸታም ሊያሰኘኝ መጣ። «እኔ አይደለሁም፤ እማዬ ናት» አልኩ። ደግሜ አልኩት። የሰማኝ የለም።

ጌታሁን ፍላሿን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ልጁ ስልኩን ከፍቶ የካሴቱን ዘፈን ለቀቀላቸው፤ ቀጭኑን፣ የሚጮኸውን። «እህ! ይኸው እሷ!» አለ ድንኳኑ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ጀመር። እኔም አለቀስኩ። ጌታሁን የጸጸት ለቅሶ መስሎት አጠገቤ ተቀመጠና ትከሻዬን አቅፎ፣ «ግድ የለም እህቴ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አለኝ።